ትሮና፦ የአቢጃታ ሶዳ፣ የቦሬት ዘመዶቹና የምንጠጣው ውሃ



ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ብዙዎቻችን ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ እንይዛለን። ሻሸመኔን አልፈን ጥቂት እንደተጓዝን በስተግራ በኩል ሻላና አቢጃታ ይገኛሉ። በበጋ ወራት የአቢጃታ ዳርቻ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይታያል። «ጨው ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው አይደለም፤ ሶዳ ነው። ከሐይቁ ውሃ በፀሐይ ትነት የሚገኘው ዋነኛው የሶዳ ማዕድን ደግሞ ትሮና ይባላል።

በዚህ እትም ትሮና ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው፣ ከየትኛው የማዕድን ቤተሰብ እንደሚመደብ፣ ቦሬት ከሚባሉት ብርቅ ማዕድናት ጋር ምን እንደሚያዛምደውና ምን እንደሚለየው እናያለን። በመጨረሻም ጉዳዩ ከጥርሳችንና ከምንጠጣው ውሃ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ እናሳያለን። ጽሑፉን ለማዘጋጀት ያነሳሳን በዋናነት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው።

ማዕድን ስንል ምን ማለታችን ነው?

አንድ ነገር ማዕድን ለመባል ተፈጥሯዊ፣ ጠጣር፣ የታወቀ ኬሚካዊ ይዘት ያለውና አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለበት። ከሐዋሳ አጠገብ ባለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ የሚገኘውን ጥቁር ኦብሲዲያን እንውሰድ። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች ለዘመናት ስለት አድርገው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ኦብሲዲያን የተፈጥሮ መስታወት ነው። ፍል ድንጋዩ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ አተሞቹ ለመደርደር ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ ዐለት እንለዋለን እንጂ ማዕድን አንለውም። ትሮና ግን አራቱንም መስፈርት ያሟላል። ዓለም አቀፉ የማዕድን ጥናት ማኅበር እስካሁን ከ6,000 በላይ ማዕድናትን በስም አጽድቋል፤ ትሮናም አንዱ ነው።

የትሮና ጠባያት

የትሮና ኬሚካዊ ቀመር በቃል ሲነገር ሦስት ሶዲየም፣ አንድ ባይካርቦኔት፣ አንድ ካርቦኔትና ሁለት የውሃ ሞለኪውል ነው። ማለትም የልብስ ማጠቢያ ሶዳና የዳቦ ሶዳ ውሃ ይዘው በአንድ ክሪስታል ውስጥ የተጋቡበት ማዕድን ነው።

ንጹሑ ቀለም የለሽ ወይም ነጭ ነው፤ ሸክላ አፈር ሲቀላቀልበት ግራጫ፣ ቢጫማ ወይም ቡናማ ይሆናል። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ከ2.5 እስከ 3 ያገኛል። የጣት ጥፍር 2.5 ገደማ ስለሆነ ትሮናን በጥፍር መጫር በጭንቅ ነው፤ በቢላዋ ግን በቀላሉ ይጫራል። እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.1 ግራም ያህል ነው፤ ከተራ የኖራ ድንጋይ ይቀላል ማለት ነው። የክሪስታሉ ሥርዓት ሞኖክሊኒክ ሲሆን በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። በውሃ ይሟሟል፤ አሲድ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይፈላል።

ከሁሉ በላይ ጥቅም የሚሰጠው ጠባዩ የሚታየው ሲሞቅ ነው። ውሃውንና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፊል ለቆ ሶዳ አሽ ይሆናል። ሒሳቡን ብንሠራው 100 ኪሎ ንጹሕ ትሮና 70 ኪሎ ያህል ሶዳ አሽ ይሰጣል። ሶዳ አሽ ለመስታወት፣ ለሳሙናና ለኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚያስፈልግ ጥሬ ዕቃ ነው። በአቢጃታ ዳር የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካም የሐይቁን ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች እየሳበ ያመርት የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። ጎረቤት ኬንያም ከማጋዲ ሐይቅ ከመቶ ዓመት በላይ ትሮና ስታወጣ ቆይታለች።

ቦሬቶች የት ይገባሉ?

ዛሬ ማዕድናት በዋናነት የሚመደቡት አሉታዊ ሙል በያዘው የአተሞች ቡድን ነው። ሶዲየም በወጥ ጨውም በትሮናም ውስጥ አለ፤ ሁለቱን ያራራቀው አንዱ ክሎራይድ ሌላው ካርቦኔት መሆኑ ነው። ስለዚህ ትሮና ከኖራ ድንጋይ ማዕድን ከካልሳይት ጋር በካርቦኔቶች ክፍል ይቀመጣል። በኒክል–ስትሩንዝ አመዳደብ ካርቦኔቶች 5ኛው ክፍል ናቸው። 6ኛው ክፍል የቦሬቶች ነው።

የሁለቱ ጎረቤትነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በቀድሞው የስትሩንዝ መዝገብ ካርቦኔቶች፣ ናይትሬቶችና ቦሬቶች በአንድ ክፍል ሥር ነበሩ። ምክንያቱም ካርቦን ከሦስት ኦክስጅን ጋር ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ቦሮንም እንዲሁ ያደርጋል። ኋላ ላይ ግን ተለያዩ። የካርቦኔት ሦስት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ኦክስጅን አይጋራም። ቦሮን ግን ከሦስት ማዕዘኑ ሌላ ባለ አራት ኦክስጅን ቅርጽም ይሠራል፤ ቅርጾቹም እርስ በርስ ተያይዘው ሰንሰለት፣ ንጣፍና መረብ ይሆናሉ። በዚህ ጠባያቸው ቦሬቶች ይበልጥ የሚመስሉት እንደ ኳርትዝና ፌልድስፓር ያሉትን ሲሊኬቶች ነው።

ከቦሬቶች በጣም የታወቀው ቦረክስ ነው። ወርቅ አንጥረኞች ብየዳው እንዲይዝላቸው የሚነሰንሱት ነጭ ዱቄት ማለት ነው። ቦረክስም እንደ ትሮና ነጭ፣ ለስላሳ፣ በውሃ የሚሟሟና ሶዲየም ያለበት ነው፤ በደረቅ አየር ውሃውን እየለቀቀ እንደ ጠመኔ ይሆናል። ታዲያ በምን እንለያቸው? አሲድ ጠብ ሲደረግበት ትሮና ይፈላል፤ ቦረክስ አይፈላም። ቦረክስ እፍጋቱ 1.7 ገደማ ስለሆነ በእጅ ሲመዘንም ይቀላል። በቤተ ሙከራ ከሰልፈሪክ አሲድና ከአልኮል ጋር ሲቃጠል ደግሞ አረንጓዴ ነበልባል ይሰጣል፤ ይህ የቦሮን ምልክት ነው።

ቦሮን በምድር ቅርፊት ውስጥ አነስተኛ ስለሆነ የተከማቸ ቦሬት የሚገኘው በጥቂት አገሮች ነው፤ ትልቁ ክምችት ያለው በቱርክ ነው። ከቦሬቶች መካከል በምያንማር የተገኘው ፔናይት ለብዙ ዓመታት በዓለም ላይ በጥቂት ክሪስታሎች ብቻ የሚታወቅ ብርቅዬ ማዕድን ነበር።

ስሞቹ ከየት መጡ?

ለዐረብኛ ተማሪዎቻችን ደስ የሚል ነገር አለ። ትሮና የሚለው ቃል መነሻው ዐረብኛው «ነጥሩን» ነው፤ ሶዲየም በኬሚስትሪ ምልክቱ የሚወከልበት «ናትሪየም» የሚለው ስምም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ቦረክስ ደግሞ «ቡረቅ» ከሚለው የመጣ ነው።

ከስሙም አልፎ የአመዳደቡ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በ925 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፉት ሐኪም አቡ በክር አር-ራዚ ማዕድናዊ ነገሮችን በስድስት ከፍለው ነበር፦ በእሳት የሚተኑ «መንፈሶች»፣ ብረቶች፣ ድንጋዮች፣ ዛጃት፣ ቡረቆችና ጨዎች። ሶዳ የሚገኘው በቡረቆቹ ክፍል ውስጥ ነው። ኢብን ሲና በበኩላቸው ድንጋይ፣ ቀላጭ፣ ድኝ ነክና ጨው ብለው በአራት መደቡ። አል-ቢሩኒ ደግሞ የከበሩ ድንጋዮችንና የብረቶችን እፍጋት ለዚሁ በሠሩት ዕቃ በውሃ ለክተዋል። የእነርሱ ምደባ ከዛሬው ይለያል፤ እነርሱ ነገሩ በእሳትና በውሃ ውስጥ በሚያሳየው ጠባይ ይመድቡ ነበር፤ ዛሬ በውስጡ ባለው ኬሚካዊ መዋቅር እንመድባለን። እፍጋትን መለካት ግን ዛሬም በማዕድን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው።

አቢጃታ ሶዳ ሲሆን ሐዋሳ ለምን አልሆነም?

የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ዐለቶች ሶዲየም የበዛባቸው ናቸው። የዝናብ ውሃ በእነርሱ መካከል ሲያልፍ ሶዲየም፣ ጥቂት ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወርዳል። ውሃው በሐይቅ ውስጥ ተጠራቅሞ ሲተን በቅድሚያ የሚረጋው የካልሲየም ካርቦኔት ነው። እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ከባይካርቦኔቱ ካልሲየሙ ከበለጠ ባይካርቦኔቱ ያልቃል፤ ውሃው ወደ ጂፕሰምና ወደ ወጥ ጨው ያመራል። ባይካርቦኔቱ ከበለጠ ደግሞ ካልሲየሙ ያልቅና ውሃው ሶዳ ይሆናል፤ መጨረሻውም ትሮና ነው። በአፋር ዳሎል የምናየው አሞሌ ጨውና ፖታሽ ከባሕር ውሃ የመጣ ስለሆነ የመጀመሪያው መንገድ ውጤት ነው። አቢጃታ የሁለተኛው መንገድ ውጤት ነው።

አቢጃታ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በኩል ውሃ ይቀበላል፤ መውጫ ግን የለውም። የገባው ውሃ የሚወጣው በትነት ስለሆነ ጨዉ እየተጠራቀመ ይቀራል። የሐዋሳ ሐይቅም በጥቁር ውሃ ወንዝ እየተመገበ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ሆኖም እንደ አቢጃታ ሶዳ አልሆነም። ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ውሃው ከመሬት በታች ሾልኮ ይወጣል፣ ጨዉንም ይዞት ይሄዳል የሚል ነው። ዓሣችንን የምናገኘው በዚህ የማይታይ መውጫ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

የበለዘ ጥርስና የካልሲየም ማለቅ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የስምጥ ሸለቆ ዐለቶች ፍሎራይድም ይለቃሉ። በውሃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆኖ ይረጋ ነበር። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በሶዳማ ውሃ ውስጥ ካልሲየሙ ቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ ይቀራል። ትሮናን የሚፈጥረው ኬሚስትሪ ጥርስንም የሚያበልዘው እርሱ ራሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከዚህ ይበልጣሉ። ልጅ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። መጠኑ በጣም ከፍ ሲልና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል።

ከመካከላችን ከወንጂ፣ ከመቂ፣ ከሀላባና ከሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የመጡ እህቶችና ወንድሞች አሉ። በጥርሳቸው ምክንያት አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚስቁ፣ በቡድን ሥራ ፊት ወጥተው ለመናገር የሚሳቀቁ አሉ። ጥርስ የበለዘው መፋቂያ ስለተተወ አይደለም፤ መፋቂያም ሆነ ሳሙና አያስለቅቀውም። በልጅነት የተጠጣ ውሃ ያተመው ምልክት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በወንድሙ ላይ አይቀልድም።

ለቤተሰቦቻችን የምናደርሰው መልእክትም አለ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። የሚጠቅመው በመጀመሪያ ውሃውን በውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በቤተ ሙከራ ማስመርመር፣ ከተቻለ ለትንንሽ ልጆች በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነ ሌላ ምንጭ መለየት ነው። ከማጣሪያ ዘዴዎች የአጥንት ከሰልና አሉምን ከኖራ ጋር የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ ይታወቃሉ። የአጥንት ከሰል ሲነሳ «አጥንቱ የምን እንስሳ ነው?» የሚል ጥያቄ ከምእመኑ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዘጋጁን ስለ ምንጩ መጠየቅ፣ ፍርዱን ደግሞ ከዓሊሞቻችን መስማት ነው። ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቶ ልጆች ያንኑ ውሃ እየጠጡ እንዲያድጉ መተው ግን አይገባም።

ሐይቁም አማና ነው

አቢጃታ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግማሽ የሚያህል ስፋቱን አጥቷል። ወደ እርሱ ከሚፈሰው ውሃ ለመስኖ መጠለፉ፣ ለሶዳ አሽ ውሃው መሳቡና የአየር ጠባዩ መለዋወጥ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ውሃው እየከበደ ሲሄድ ዓሣው ጠፋ፤ በሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ሻላ ወፎችም ከአቢጃታ ያገኙት የነበረው ቀለብ ተቋረጠ። ትሮና ለአገር የሚጠቅም ሀብት ነው፤ ሀብትነቱ ግን ውሃው ሲኖር ነው። በኬሚስትሪ፣ በጂኦሎጂ፣ በውሃ ምህንድስናና በጤና ትምህርት ክፍሎች ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። የአንድ ቀበሌ የጉድጓድ ውሃ ለክቶ ውጤቱን ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት በራሱ የሚጠቅም ዕውቀት ነው።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባወቅነውም ይጥቀመን። ወሏሁ አዕለም።