ለአሮጌ ፕሮሰሰር የሚስማማ ማዘርቦርድ እንዴት ይመረጣል?

ከሳይንስ ክበብ አባላት የቀረበ

አንድ ዕቃ ከአንድ ቀዳዳ ውስጥ ስለገባ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው አሮጌ ኮምፒውተሮችን፣ በተለይም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩትን ነው።

«ታዲያ አሮጌ ኮምፒውተር ለመምህር ምን ያደርግለታል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የዛሬው ስልክና ላፕቶፕ ክፍሎቹ ተጨምቀውና ተጣብቀው የተሠሩ በመሆናቸው ከፍተን ብናሳይ ተማሪው የሚለየው ነገር እምብዛም ነው። የቀድሞው ኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ክፍሉ ለብቻው ይታያል፤ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ስለዚህ ጥሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ይወጣዋል።

ክበባችን ለዚህ ተግባር የሚሆን አንድ ፔንቲየም ኤም ኤም ኤክስ 200 የተባለ ፕሮሰሰር አለው። አንድ ብቻ ነው። ኢንቴል ኩባንያ ይህን ዓይነት ማምረቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ስለሆነው፣ ብናቃጥለው ሱቅ ሄደን አዲስ የምንተካው አይደለም። በመሆኑም ማዘርቦርድ ከመፈለጋችን በፊት ጉዳዩን አጥንተናል፤ ያገኘነውንም ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ተስማሚ ማለት ምን ማለት ነው?

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩን ስሌት ሁሉ የሚሠራው ክፍል ነው። ማዘርቦርድ ደግሞ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚተከሉበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ለፕሮሰሰሩ አራት ነገሮችን ያቀርብለታል። እነርሱም መቀመጫ፣ ኤሌክትሪክ፣ የጊዜ ምት፣ እንዲሁም ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚገናኝበት መንገድ ናቸው። ተስማሚ የሚባለው አራቱንም ያሟላ ሰሌዳ ነው። ሦስቱን አሟልቶ አንዱን ያጎደለ ሰሌዳ ተስማሚ አይደለም። እስቲ በተራ እንያቸው።

1ኛ. መቀመጫው

ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ሶኬት ይባላል። ስሙ ብዙውን ጊዜ በራሱ በፕላስቲኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለ486 ፕሮሰሰሮች ከተሠሩት አንዱ ሶኬት 3 ሲሆን 237 ቀዳዳዎች አሉት። ሶኬት 5 320፣ ሶኬት 7 ደግሞ 321 ቀዳዳዎች አሏቸው። የእኛ ፔንቲየም ኤም ኤም ኤክስ የሚፈልገው ሶኬት 7ን ነው።

ብዙ ሰው ምርጫውን እዚህ ላይ ያቆማል። «ሶኬቱ ገጠመ፣ አለቀ!» ይላል። ግን አላለቀም። ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ። ሶኬት 370 በተባለው መቀመጫ ላይ የሚገቡ ሦስት ትውልድ ፕሮሰሰሮች አሉ። የመጀመሪያው ሴሌሮን፣ ቀጥሎ ኮፐርማይን የተባለው ፔንቲየም 3፣ በመጨረሻም በ2001 የወጣው ቱዋላቲን ናቸው። ሦስቱም 370 እግር አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ፍላጎታቸው ግን የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ትውልድ የተሠራ ሰሌዳ ያለ ማስማሚያ ቱዋላቲንን አያሠራም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስሎት 1 እና ስሎት ኤ ናቸው። ስሎት 1 የኢንቴል ፔንቲየም 2 (1997) መቀመጫ ነው፤ ስሎት ኤ የኤ ኤም ዲ አትሎን (1999) መቀመጫ ነው። በቅርጽ አንድ ዓይነት ማገናኛ ናቸው፤ ሁለቱም 242 መገናኛ ነጥቦች አሏቸው። የስሎት ኤ ማገናኛ ተገልብጦ የተተከለ ሲሆን በኤሌክትሪክ በኩል ግን ሁለቱ ጨርሶ አይገናኙም።

2ኛ. ቮልቴጁ

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአራት የባትሪ ድንጋይ፣ ማለትም በ6 ቮልት የሚሠራ ራዲዮ ላይ ስድስት ድንጋይ አገናኝተን 9 ቮልት ብንሰጠው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮሰሰርም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 486 ፕሮሰሰሮች በ5 ቮልት ይሠሩ ነበር። በ1994 የወጣው 486 ዲ ኤክስ 4 ግን 3.3 ቮልት ነው የሚፈልገው። በ5 ቮልት ብቻ በሚሠራ አሮጌ የ486 ሰሌዳ ላይ እንዲሁ ቢተከል ይቃጠላል።

የፔንቲየም ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ1993 የወጡት ባለ 60 እና ባለ 66 ሜጋኸርዝ ፔንቲየሞች በ5 ቮልት ይሠሩ ነበር። ከ1994 ጀምሮ የመጡት ወደ 3.3 ቮልት ወረዱ። በጥር 1997 ይፋ የሆነው ፔንቲየም ኤም ኤም ኤክስ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቮልቴጅ ጠየቀ። ለውስጠኛው ክፍል 2.8 ቮልት፣ ከውጭ ጋር ለሚገናኝበት ክፍል 3.3 ቮልት ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ የሶኬት 7 ሰሌዳዎች ይህን መለየት አይችሉም፤ ለሁለቱም ክፍሎች 3.3 ቮልት ይሰጣሉ።

ሆኖም ፕሮሰሰሩ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ምናልባትም ይነሣል። ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? በሒሳብ እንየው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሠራ ፕሮሰሰር የሚያወጣው ሙቀት በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይጨምራል። የ3.3 ካሬ 10.89 ነው። የ2.8 ካሬ 7.84 ነው። 10.89ን ለ7.84 ስናካፍል 1.39 ገደማ እናገኛለን። ይህም ማለት 39 በመቶ ጭማሪ ነው። ኤም ኤም ኤክስ 200 በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 15.7 ዋት ያወጣል፤ በ3.3 ቮልት ግን በስሌት ወደ 22 ዋት ይጠጋል። ማቀዝቀዣው ለዚህ አልተዘጋጀም። ፕሮሰሰሩ ዛሬ ሠርቶ ነገ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለው ጥፋት ደግሞ «ሠርቷል እኮ!» እያሰኘ የሚያዘናጋ ነው።

ስለሆነም በሰሌዳው ላይ ወይም በመመሪያው ውስጥ «2.8» የሚል የቮልቴጅ ምርጫ መኖሩን ሳናረጋግጥ ፕሮሰሰሩን አንተክልም። ምርጫው የሚደረገው ጃምፐር በተባሉ ሁለት የብረት እግሮችን በሚያገናኙ ትንንሽ የፕላስቲክ ቆቦች ነው።

3ኛ. የጊዜ ምቱ

ማዘርቦርዱ እንደ ከበሮ መቺ ምት ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩም ያንን ምት አባዝቶ ይሠራል። ለማስረዳት ብስክሌትን እንውሰድ። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችላል። የእኛም ፕሮሰሰር እንዲሁ ነው። ሰሌዳው 66.6 ሜጋኸርዝ ይመታል፣ ፕሮሰሰሩ በ3 ያባዛዋል፣ ውጤቱም 200 ይሆናል። ስለዚህ የሚፈለገው ሰሌዳ የ66 ምትና የ3 ማባዣ ያለው ነው።

ስም እንዳያታልለን መጠንቀቅም ያስፈልጋል። 486 ዲ ኤክስ 4 ባለ 100 በስሙ ላይ 4 ቢኖርም የሚያባዛው በ3 ነው፤ 33 ሲባዛ በ3 መቶ ገደማ ይሆናልና። ኤም ኤም ኤክስ 233 ደግሞ 3.5 ማባዣ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰሌዳዎች ላይ ግን 3.5 የሚል ምርጫ የለም። ኢንቴል ለዚህ መላ አበጅቶለታል። ሰሌዳው 1.5 ተብሎ ሲስተካከል ፕሮሰሰሩ ራሱ 3.5 ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሰሌዳው አይሆንም» ብሎ ጥሩ ዕቃ ሊጥል ይችላል።

4ኛ. የመገናኛው መንገድ

በፕሮሰሰሩ፣ በራሙና በሌሎቹ ክፍሎች መካከል እንደ መልእክተኛ የሚያገለግሉት ቺፖች ቺፕሴት ይባላሉ። ለሶኬት 7 ከተሠሩት የኢንቴል ቺፕሴቶች የታወቁት 430 ኤፍ ኤክስ (1995)፣ 430 ኤች ኤክስ እና 430 ቪ ኤክስ (1996)፣ እንዲሁም 430 ቲ ኤክስ (1997) ናቸው። 430 ኤፍ ኤክስ ያለበት ሰሌዳ ከኤም ኤም ኤክስ በፊት የመጣ ስለሆነ ቮልቴጁን በጥብቅ መመርመር ይገባል።

430 ቲ ኤክስ አዲሱ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። እስከ 256 ሜጋባይት ራም ይቀበላል፤ በካሽ የሚያፈጥነው ግን የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ «ራም ሲበዛ ይፈጥናል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከ64 በላይ መጨመር ማሽኑን ሊያዘገየውም ይችላል።

ሌላው ራሙ ራሱ ነው። ፔንቲየም በአንድ ጊዜ 64 ቢት ያስተላልፋል። ባለ 72 እግር ሲም ራም የሚይዘው 32 ቢት ነው። 64 ለ32 ሲካፈል 2 ስለሆነ፣ ይህ ራም በፔንቲየም ሰሌዳ ላይ የሚተከለው ጥንድ ጥንድ እየሆነ ነው። አንዱን ብቻ ተክሎ «ማሽኑ ሞቷል» ማለት ስሕተት ነው። ባለ 168 እግር ዲም ግን 64 ቢት ስለሆነ አንዱ ይበቃል።

የሰሌዳው ጤንነት

አራቱ ነገሮች ቢሟሉም ሰሌዳው ራሱ የታመመ ሊሆን ይችላል። በ386 እና በ486 ሰሌዳዎች ላይ በርሜል የሚመስል የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ይገኛል። ይህ ባትሪ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ የሚያፈሰውም አልካሊ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ከታየ ባትሪው ተነቅሎ ቦታው በጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ይጠረጋል፤ አሲድ አልካሊን እንደሚያረክስ በኬሚስትሪ ተምረናል። ከዚያ በንጹሕ አልኮል ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ያበጡ ወይም ያፈሰሱ ካፓሲተሮች ካሉም ሳይለወጡ ኤሌክትሪክ አይሰጥም።

የኤሌክትሪክ ማገናኛውም ይታይ። ኤ ቲ የተባለው የቀድሞው ዓይነት ሁለት የተለያዩ መሰኪያዎች አሉት፤ ሲሰኩ የሁለቱም ጥቁር ሽቦዎች መሐል ላይ ጎን ለጎን መሆን አለባቸው። ተለዋውጠው ከተሰኩ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል። በ1995 የመጣው ኤ ቲ ኤክስ ግን መሰኪያው አንድ፣ ባለ 20 ቀዳዳ ስለሆነ ለዚህ ስሕተት አያጋልጥም።

በተግባር እንዴት እንሥራ?

ሀ. በመጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ጽሑፍ እናንብብ። በፔንቲየም ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር 80502 ካለው ቀደም ያለው ዓይነት ነው፤ 80503 ካለው ኤም ኤም ኤክስ ነው። ቀጥለው ያሉት አሐዞች ፍጥነቱን ይገልጻሉ። በእኛ ላይ 80503200 የሚል አለበት፤ ስለዚህ ኤም ኤም ኤክስ፣ ባለ 200 ነው።

ለ. የሰሌዳውን ስምና የእትም ቁጥር ሁለቱንም እንጻፍ። አንድ ስም ያለው ሰሌዳ በተለያየ እትም የተለያየ ቮልቴጅ ሊሰጥ ይችላል።

ሐ. መመሪያውን እንፈልግ። ወረቀቱ ከጠፋ ዘ ሬትሮ ዌብ የተባለው ድረ ገጽ የብዙ አሮጌ ሰሌዳዎችን መመሪያና የጃምፐር አቀማመጥ ሰብስቦ ይዟል። በግምት ጃምፐር መለወጥ ክልክል ይሁን።

መ. አንዱ ጃምፐሩን ሲያስተካክል ሌላው ከመመሪያው ጋር ያመሳክር። አራት ዓይን ከሁለት ይሻላል።

ሠ. የሶኬቱን ማንሻ ከፍ አድርገን፣ የፕሮሰሰሩን የአንደኛ እግር ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገጣጥመን እናስቀምጠው። በራሱ ክብደት መግባት አለበት። ካልገባ አይገፋም። ማቀዝቀዣውና ማራገቢያው ሳይገጠም ደግሞ ለአንድ ደቂቃም አይበራ።

እንግዲህ ለእኛ ፕሮሰሰር የሚሆነው ሶኬት 7፣ ባለ 2.8 እና 3.3 ቮልት፣ ባለ 66 ምት፣ ባለ 3 ማባዣ ሰሌዳ ነው። ሱፐር ሶኬት 7 የሚባሉት፣ በ1998 ገደማ ባለ 100 ምት ሆነው የመጡት ሰሌዳዎችም 66ን ስለሚሰጡ ይሆኑናል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንዲት ቁራሽ ሲሊከን ብቻ የሚደረግ አይደለም። ነገ ከመካከላችን አንዱ የሚመደብበት ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ «አይሠራም» ተብለው የተቆለሉ ማሽኖች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነርሱ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ሞቷል? ስንቱስ ራሙ ጥንድ ስላልሆነ ወይም ጃምፐሩ ስለተሳሳተ ዝም ብሏል? ይህን ለይቶ የሚያውቅ መምህር ለተማሪዎቹ መሣሪያ ያገኝላቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመሰካት በፊት ማንበብን፣ ከማብራት በፊት ማስላትን ያስተምራቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተቃጠለ ፕሮሰሰር ግን ተለቅሞም አይመለስ።

አሮጌ ሰሌዳ ያለው ወይም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስምና የእትም ቁጥር በወረቀት ገልብጦ ለክበባችን ቢያደርስልን ትልቅ ትብብር ነው። ሰሌዳውን ከማምጣት በፊት ጽሑፉን ማምጣት ይቀድማል።