ስለ ከተማ አውቶቡስ ፎቶግራፍና ስለ ግርጌ ጽሕፈቱ

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ያለ ጽሕፈት አይተውም። ሠዓሊው «ዘከመ» ብሎ ጀምሮ የነገሩን ሁኔታ፥ ሥዕሉን ያሣለውንም ሰው ስም ከግርጌው ያኖራል። ይህ መልካም ሥርዓት ለፎቶግራፍ ቢደረግ ጥቅሙ ብዙ በሆነ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያም ወዲህ እንደ ቦያጂያን ቤተ ሰብ ያሉ የቤተ መንግሥት አንሺዎች ያቆዩልን ይበልጡን የነገሥታትንና የመኳንንትን መልክ ነው። ሕዝቡን በየቀኑ ያመላልስ የነበረው መጓጓዣ ግን ባለሟል አላገኘም።

የአዳማ ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ያሉት ቢሾፍቱ፥ ሞጆና አዳማ እያደጉ ሄዱ። ከጣቢያው እስከ ገበያው ሰውን ያደርስ የነበረው ግን በፈረስ የሚሳብ ጋሪ ነው፤ በዝዋይና በሻሸመኔም እንዲሁ ነበረ። በኋላ አውቶቡስና ታክሲ፥ ቀጥሎም ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ መጥተው የጋሪውን ሥራ ወሰዱት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መሥመርም ጣቢያውን ከመሐል ከተማ ስላራቀው፥ የቀድሞውን ጣቢያ ግርግር ያላየ ትውልድ ተነሥቷል።

አስተዋይ ሰው ከአንድ የአውቶቡስ ፎቶግራፍ ብዙ ያነባል፤ የመንገዱን ስፋት፥ የሱቁን በር፥ የተሳፋሪውን ልብስ ያያል። ዘመኑን ግን በቀላሉ አያገኝም። በግንባሩ «ናዝሬት» ቢባል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ የወጣው ስም ነው፤ «አዳማ» ቢባልም ከቁልቋል ስም እንደ ወጣ የሚነገረው፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተመለሰው የኦሮምኛ ስም ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ሁለቱንም ስሞች እየቀላቀለ ስለሚጠራ ስሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የመኪናውም ዓይነት እንዲሁ ነው፤ አንድ አውቶቡስ ቀለሙንና ባለቤቱን እየለወጠ ብዙ ዘመን ያገለግላልና።

ስለዚህ የማዘጋጃ ቤትና የትራንስፖርት ሹማምንት አሮጌው ተሽከርካሪ ለጨረታ ሳይወጣ ፎቶግራፉን ሊያስነሡ፥ ከጀርባውም ቦታውን፥ ቀኑን፥ ሰሌዳውን፥ የሚሄድበትን መሥመርና የአንሺውን ስም ሊያጽፉ ይገባል። በየመዝገብ ቤቱ ከቆሻሻ ጋር የሚጣለው አሮጌ ፎቶግራፍም ተለቅሞ አንዱ ቅጅ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢሰጥ አይጠፋም።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። በየሰበካው የቀድሞ ሾፌሮችና ጋሪ ነጂዎች በሕይወት አሉ፤ ፎቶግራፉ ቢታያቸው «ይህ እገሌ ሠፈር ነው፥ ያ ዛፍ በዚህ ዓመት ተቆረጠ» ብለው ይመሰክራሉ። ወረቀቱ ገና ብዙ ዘመን ይቆያል፤ እነዚህ ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ዛሬ ተጠይቀው ቃላቸው ካልተጻፈ፥ ነገ ፎቶግራፉን የሚያነብ አይገኝም።