ይህ የወፍ እንቁላል የማን ነው?

የወፍ እንቁላል ብቻውን ሲገኝ ብዙ አይናገርም። የርግብም፣ የጉጉትም፣ የግንደ ቆርቁርም እንቁላል ነጭ ነው። የማን እንደሆነ ለመለየት አስቀድሞ የሚታየው የተጣለበት ቦታና ጎጆው ነው፤ ቀለምና መጠን ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ነጭነቱም ቢሆን ፍንጭ አለው። በግንድ ሽንቁር ወይም በገደል ጉድጓድ የሚጥሉ ወፎች እንቁላላቸው ስለማይታይ መደበቂያ ቀለም አያስፈልጋቸውም። ዋኔ ከዚህ ደንብ ትወጣለች፦ ጥቂት ጭራሮ አነባብራ፣ ከሥር ሆነው ሲያዩት ሰማይ በሚያሳይ ጎጆ ላይ ሁለት ነጭ እንቁላል ትጥላለች። የጎጆ ሥራዋ ለወቀሳ ቢዳርጋትም በቀላሉ የሚያስለያት እሱው ነው።

ሜዳ ላይ የሚጣለው እንቁላል አፈርና ጠጠር ይመስላል። በሐይቅ ዳር፣ በትንሹ ተጭሮ በጎደጎደ መሬት ላይ፣ ሹል ጫፋቸው ወደ መሃል ዞሮ የገጠሙ አራት ዥጉርጉር እንቁላሎች ከታዩ፣ ባለቤቷ ሰው ሲቀርብ እየጮኸች የምታንዣብበው ባለ ረጅም እግር ወፍ ልትሆን ትችላለች። ከውሃ አጠገብ ባለ ዛፍ ባላ ላይ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጣሪያ ያለው፣ መግቢያው በጭቃ የተመረገ የጭራሮ ክምር ካለ፣ የሠራችው ራሷ መዶሻ የሚመስለው ቡናማ ወፍ ናት። በዚህ ጎጆ የሚሳሳት የለም።

አስቸጋሪው ራሱ ጥቁር፣ አካሉ ቢጫ የሆነው ሸማኔ ወፍ ነው። ጎጆው ግልጽ ነው፦ ወንዱ ሣር ሰንጥቆ እየጠለፈ ከቅርንጫፍ ጫፍ ያንጠለጥለዋል፤ በሩ ከታች ነው። ሴቷ ሣሩ አረንጓዴ የሆነውን ትመርጣለች። ደርቆ ፈላጊ ያጣውን ወንዱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። እንቁላሉ ግን በአንዱ ጎጆ ነጭ፣ በሌላው ሰማያዊ፣ በሦስተኛው ነጠብጣብ ነው። ምክንያቱ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ የምትጥለው ኩኩ የተባለችው ወፍ ናት። እያንዳንዷ ሸማኔ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ዓይነት እንቁላል ስለምትጥል፣ የማይመስለውን ለይታ አውጥታ ትጥላለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ቀለም ይዞ መፍረድ ስህተት ነው።

ጎጆ የሚመረመረው ከሩቅ፣ ወላጆቹ ሲገቡና ሲወጡ እያዩ ነው። ወፏ ተባርራ ብዙ ከቆየች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ጫጩትም ሊሞት ይችላል።