በሩ ተቆልፏል፤ መንገዱስ?

እስቲ ሐዋሳ፣ ቱላ ውስጥ ናችሁ እንበል። ኮምፒውተራችሁ አልታዘዝ ብሏችኋል። አዲስ አበባ ያለችው እህታችሁ "ቆይ፣ እኔ ከዚህ ልየው" ትላለች። በርቀት ኮምፒውተር የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ትከፍትና የእናንተን ስክሪን እዚያው ሆና ታያለች፤ በራሷ ማውስ ትነካካለች። ደስ ይላል አይደል? ግን ሁለት ጥያቄ አለ፦ ኮምፒውተሩ እሷ መሆኗን በምን አወቀ? መንገድ ላይ ሆኖ ሌላ ሰው አብሮ ቢያይስ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ማንነትን ማረጋገጥ፣ የሁለተኛው ደግሞ ምስጠራ ይባላል። ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል፤ አይደሉም።

እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራውን ቪኤንሲን እንውሰድ። የእናንተ ኮምፒውተር "የይለፍ ቃሉን ላኪልኝ" አይልም። በዘፈቀደ ያመጣውን የ16 ባይት ቁጥር ይልካል። የእህታችሁ ኮምፒውተር የይለፍ ቃሉን ቁልፍ አድርጎ ቁጥሩን ዴስ በሚባለው ዘዴ ይመሰጥርና ይመልሳል። የእናንተም ያንኑ ሠርቶ ያመሳክራል። ከገጠመ፣ በሩ ይከፈታል። አያችሁ? የይለፍ ቃሉ ራሱ በመንገዱ አላለፈም!

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ የዴስ ቁልፍ 8 ባይት ብቻ ስለሆነ ከይለፍ ቃሉ የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት ናቸው፤ 20 ብትጽፉም ቀሪው ይጣላል። ዴስ ደግሞ አርጅቷል፤ በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ማሽን ቁልፉን በ56 ሰዓት አግኝቶታል። ሁለተኛ፣ በድሮው ቪኤንሲ በሩ ከተከፈተ በኋላ ስክሪኑም ሆነ የምትጽፉት ሁሉ ሳይመሰጠር ነው የሚጓዘው። በዚያው ዋይፋይ ላይ የሚያደባ ሰው የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል ስትጽፉ ሊያነበው ይችላል። መፍትሔው ግንኙነቱን በሙሉ ኤስኤስኤች ወይም ቲኤልኤስ በሚባል የተመሰጠረ መስመር ውስጥ ማሳለፍ ነው።

አሁን ደግሞ ምስጠራው ጠንካራ ነው እንበል። አንድ የማታውቁት ሰው ደውሎ "ከባንክ ነው፤ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ቁጥር ንገሩኝና ፍቀድ የሚለውን ንኩ" ቢላችሁስ? ከነገራችሁት በሩን የከፈታችሁለት እናንተው ናችሁ። ምስጠራው ያን ጊዜ የሚጠብቀው የሌባውን መስመር ነው!

ስለዚህ ቁጥሩን የምትሰጡት ራሳችሁ ደውላችሁ እርዳታ ለጠየቃችሁት፣ ድምፁን ለምታውቁት ሰው ብቻ ይሁን። እሷ እያየች የባንክ መተግበሪያ አትክፈቱ። ሥራው ሲያልቅም ሶፍትዌሩን ዝጉት።