የአንድ መንደር ታሪክ በየምሽቱ፦ ረጅም የሬዲዮ ድራማን ሳምንት በሳምንት መከታተል ምን ያስተምረናል?



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ ያለዕድሜ ጋብቻ ስለሚያስከትለው ጉዳት ለማስተማር ምእመናንን ሰብስበን ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርን። «ጥያቄ ያለው?» ብንል ማንም አልተነፈሰም። ጉባኤው ተበትኖ ከዛፉ ጥላ ሥር ስንቀመጥ ግን አንዲት እናት በሬዲዮ ድራማ ስለ ሰሟት ልጅ ማውራት ጀመሩ። «አባትዮው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ እንጂ» አሉ። ሌላው ተቃወመ፤ ሦስተኛዋ ጨመሩበት። በጉባኤው ዝም ያሉት ሰዎች በልብ ወለድ ሰዎች ስም የገዛ ልባቸውን አወጡት። ያን ቀን የጻፍኩት የሥራ ሪፖርት «ትምህርት ተሰጥቷል» ይላል፤ እውነተኛው ትምህርት ግን ከጉባኤው በኋላ ነበር።

ይህ ነገር የሬዲዮ ድራማ አሠራርን እንድመረምር አነሣሣኝ። በዚህ ጽሑፍ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት ተከታታይ ድራማዎች ቀዳሚውን፣ የእንግሊዙን «ዘ አርቸርስ» እንደ ምሳሌ ወስጄ፣ አድማጭ እንዴት እንደሚከታተለውና ለእኛ ሥራ የሚጠቅመው ምን እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከገበሬዎች ስብሰባ የተወለደ ድራማ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ እንግሊዝ የምግብ እጥረት ነበረባት፤ የምግብ ራሽን ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። መንግሥት ገበሬው አዲስ የእርሻ ዘዴ ተቀብሎ ምርቱን እንዲያሳድግ ይሻ ነበር፤ ገበሬው ግን የባለሙያ ንግግር በሬዲዮ ሲሰማ ይሰለቻል። በ1948 የቢቢሲ ባለሙያዎችና ገበሬዎች በበርሚንግሃም ሲመክሩ፣ ከገበሬዎቹ አንዱ በዘመኑ ሕዝቡ በጉጉት ይከታተለው የነበረውን «ዲክ ባርተን» የተባለ የጀብዱ ድራማ ጠቅሶ፣ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የእርሻ ድራማ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ መጀመሪያ ቀልድ መስሎ ነበር። ጎድፍሪ ቤዝሊ የተባለው የሬዲዮ ባለሙያ ግን ሥራዬ ብሎ ያዘው፤ በ1950 ለሙከራ ተሰራጨ፤ ከጥር 1 ቀን 1951 ጀምሮም በመላ አገሪቱ ተሰማ።

ታሪኩ የሚፈጸመው አምብሪጅ በምትባል ልብ ወለድ መንደር ነው። በማዕከሉ ብሩክፊልድ የተባለው እርሻና የአርቸር ቤተሰብ አሉ። በዙሪያው መጠጥ ቤቱ፣ ሱቁ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ባለጸጋውም ድኻውም አሉ። የእርሻ ሚኒስቴር ከዝግጅቱ ጋር ለብዙ ዓመታት ተባብሯል፤ ምክሩ ግን በንግግር ሳይሆን አባትና ልጅ በከብቶች በረት ሲጨቃጨቁ ይተላለፍ ነበር።

አድማጩ ሳምንቱን እንዴት ይከታተላል?

እያንዳንዱ ክፍል ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሳምንት ስድስት ቀን ምሽት እንዲሰማ ሲደረግ ቆይቷል፤ ያመለጠው በማግስቱ ድጋሚውን ያገኛል፤ የሳምንቱ ክፍሎች ደግሞ እሑድ ጠዋት በአንድነት ይቀርባሉ። በአንድ ክፍል ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሚናገሩ፣ አድማጩ ድምፅን ከድምፅ ለመለየት አይቸገርም።

የመንደሩ ዘመን ከአድማጩ ዘመን እኩል ይሄዳል። በእንግሊዝ በጎች በሚወልዱበት ወራት በአምብሪጅም ይወልዳሉ፤ አጨዳውም የልደት በዓሉም በየወቅቱ ይመጣሉ። ሰዎቹም ከአድማጩ ጋር ያረጃሉ። ፊል አርቸርን የተጫወተው ኖርማን ፔይንቲንግ ከ1950 የሙከራ ሥርጭት እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2009 ድረስ፣ በዚያው ሚና ቆይቷል። ጁን ስፔንሰር ደግሞ ፔጊን ሆና ስትጫወት ቆይታ ጡረታ የወጣችው ከመቶ ዓመት በላይ ከሆናት በኋላ በ2022 ነው።

ድራማውን የሚከታተል ሰው ሦስት ዓይነት ክሮችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። የመጀመሪያው በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ነገር ነው፤ የአትክልት ውድድር ወይም የጎረቤት ኩርፊያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ወራት የሚወስድ ነው፤ የመሬት ኪራይ ወይም የከብት በሽታ። ሦስተኛው ዓመታት የሚፈጅ የትዳር፣ የውርስና የቂም ታሪክ ነው። ሳምንቱን የሚያጠቃልል ሰው «ማን ምን አደረገ?» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ «ካለፈው ሳምንት ምን ተለወጠ? ምንስ ሳይፈታ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመንደሩ የተሻገሩ ታሪኮች

መስከረም 22 ቀን 1955 (እ.ኤ.አ.) ግሬስ አርቸር ከሚቃጠል ጋጥ ፈረስ ለማዳን ገብታ ሞተች። በዚያው ምሽት የንግድ ቴሌቪዥን በእንግሊዝ ሥራ ይጀምር ስለነበር የመገናኛ ብዙኃን ፉክክር አለበት ተብሏል፤ ሕዝቡ ግን የልብ ወለዷን ሴት እንደ ዘመድ አለቀሳት። በ2000 የግራንዲ ቤተሰብ፣ ድኾቹ ጭሰኞች፣ ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ከእርሻቸው ተነሡ። በ2001 የአፍና የእግር በሽታ የአገሪቱን ከብቶች ሲፈጅ የአምብሪጅ ገበሬዎችም በዚያው ሥጋት ውስጥ ነበሩ።

ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሔለን ታሪክ ነው። ሮብ የተባለው ሰው ወደ መንደሩ ሲመጣ ጨዋና ተወዳጅ ነበር። ሔለንን አገባት። አንድ ቀን አለባበሷን ነቀፈ፤ ሌላ ቀን ከጓደኛዋ አራራቃት፤ ቆይቶ መኪና መንዳቷን፣ ሥራዋን፣ ከእናቷ ጋር መነጋገሯን ተቆጣጠረ። አንዱም ድርጊት ለብቻው ሲታይ ለክስ የሚበቃ አይመስልም ነበር። ታሪኩ ከሁለት ዓመት በላይ እንዲሁ ቀስ እያለ ሄደ፤ አንዳንድ አድማጮች «ጨክናችሁብናል፣ በቃ» እስኪሉ ድረስ። በሚያዝያ 2016 ሔለን በጭንቅ ውስጥ ሆና በቢላዋ ወጋችው፤ በእስር ላይ ሳለች ወለደች፤ በመስከረም ፍርድ ቤት ቀርባ ነጻ ወጣች።

በዚያው ዘመን፣ በ2015 መጨረሻ፣ በእንግሊዝና በዌልስ የትዳር ወይም የቤተሰብ አባልን በቁጥጥርና በማስገደድ ማሰቃየት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ነበር። ሕጉ በወረቀት የገለጸውን ድራማው በሰው ድምፅ አሰማ። አንድ አድማጭ የተጎዱ ሴቶችን ለሚያስጠልል ድርጅት በጀመረው መዋጮም ከ100,000 ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ።

የታሪኩ ዝግታ ራሱ ትምህርት ነበር። አንዱን ሳምንት ብቻ የሰማ ሰው ተራ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ይመስለዋል፤ ሁሉን ተከታትሎ የሰማ ግን የተጠመደውን ወጥመድ ያያል። የንስሐ አባትም እንዲሁ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ወቅት ስለ ገንዘብ፣ በሌላ ወቅት ስለ ዘመድ፣ ቆይታም ስለ ብቸኝነት ብትነግራቸው፣ ሦስቱን አያይዞ ማየት የሚችለው የትናንቱን ያልረሳ አባት ብቻ ነው።

ወደ እኛም ደርሷል

የአርቸርስ አብነት ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሯል። በ1994 በአፍጋኒስታን «አዲስ ቤት፣ አዲስ ሕይወት» የተባለው የቢቢሲ ድራማ ተጀመረ፤ በሩዋንዳም «ኡሩናና» ተከተለ። በአገራችን ከ2002 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) የተላለፈውና 257 ክፍሎች የነበሩት «የቀን ቅኝት» የተዘጋጀው ደግሞ ሚጌል ሳቢዶ የተባለው የሜክሲኮ ባለሙያ በቀመረው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ በጎው ሰውና ክፉው ሰው ይኖራሉ፤ ዋናው ግን በመካከል የሚዋልለው ሰው ነው። አድማጭ ራሱን የሚያየው በእርሱ ነውና። ለዚህ ድራማ ከአድማጮች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋል።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

በአካባቢያችሁ የሚሰማ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ካለ፣ የሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር አባላት ተስማምተው ሊከታተሉት ይችላሉ። ወጪው አንድ ሬዲዮና አንድ ደብተር ነው።

አንድ ጸሐፊ ምረጡ። በየሳምንቱ አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ ምን ሆነ? ማን ሐሳቡን ለወጠ? ምን ሳይፈታ ቀረ? አድማጮች በምን ተከራከሩ? ውይይቱ ሲከፈት ያለፈው ሳምንት ገጽ ይነበብ፤ ያልሰሙትም በዚያ ይደርሳሉ። ከወራት በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያው መልሳችሁ ስታነብቡ፣ በየሳምንቱ ያልታየው ነገር ይታያችኋል።

ሦስት ጥንቃቄዎች ግን አይዘንጉ። ክርክሩ ሞቅ ሲል አወያዩ ቸኩሎ ፍርድ አይስጥ፤ ሰው ራሱ አስቦ የደረሰበት ነገር ይጸናልና። «ይህ እኮ የእገሌ ቤት ነው» የሚል ንግግር ወዲያው ይታረም፤ ልብ ወለዱ መጋረጃ ነው፣ መጋረጃው ከተቀደደ ሁሉም ዝም ይላል። ከውይይቱ በኋላ «የእኔም እንዲሁ ነው» ብላ የምትመጣ ሴት ብትኖር፣ ምሥጢሯ ይጠበቅ፤ ወደ ባሏ «ታገሺ» ተብላ ከመመለሷ በፊት ደኅንነቷ ይታሰብ፤ ፈቃደኛ ስትሆንም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚያደርሳት ሰው ይመደብላት።

እኔም በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ አጥቢያ ስሄድ፣ ያዘጋጀሁትን የአንድ ሰዓት ትምህርት አሳጥሬ፣ ከዛፉ ሥር የነበረውን ወግ ከመጀመሪያው ለመስማት አስቤአለሁ።