የወለቀ ጥርስ በምን ይተካል?

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ብዙ ሰው በእጁ መዳፍ ወይም በነጠላው ጫፍ ሸፍኖ የሚያልፈው ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አዋቂ ሰው ጥርሱ ሲወልቅበት በስፍራው ምን ሊተካ ይችላል የሚለው ነው። ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ጥርስ የምግብ ወፍጮ፣ የንግግር መሣሪያ፣ የጉንጭና የከንፈርም ደጋፊ ስለ ሆነ፣ መጉደሉ ከመስተዋት ፊት ይልቅ በማዕድና በሥራ ቦታ ይበልጥ ይታወቃል። በጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ የሚያነጋግር፣ በችሎት ውሳኔ የሚያነብ፣ በክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው የፊት ጥርሱ ሲጎድል፣ «ፈ»ን ለማለት ታችኛው ከንፈሩ የሚያርፍበትን ያጣል፤ «ሰ»ም «ጸ»ም ሲል አየሩ በክፍተቱ ያመልጥበታል። ከዚህም የተነሣ ዐዋቂው ሰው በስብሰባ መካከል ዝም ማለትን ይመርጣል።

በመቀሌ ከተማ በሓወልቲ ክፍለ ከተማ የሚኖረው የመንግሥት ሠራተኛ ለዚህ ችግር እንግዳ አይደለም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ በተፈረመው ስምምነት እስኪገታ ድረስ፣ ባንክ የተዘጋበት፣ ደመወዝ የተቋረጠበት፣ ትልቁ የአይደር ሆስፒታል ሳይቀር ለጽኑ ሕመምተኞች የሚሆን መድኃኒት ያጣበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን ሰው አስቀድሞ የሚተወው የጥርሱን ሕክምና ነው። በጊዜው ቢሞላ ይድን የነበረ ጥርስ ይበሰብሳል፤ ቢጠረግ ይጠነክር የነበረ ድድ ይላላል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ይወልቃል። ስለዚህ ደመወዝ ከተመለሰ በኋላ ብዙው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ «ጥርሴን እንዴት ላድን?» የሚል ሳይሆን «የጎደለውን በምን ልተካ?» የሚል መሆኑ አያስደንቅም።

በመጀመሪያ ጥርስ በወለቀበት ስፍራ ምን እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርስን አቅፎ የሚይዘው የመንጋጋ ዐጥንት የሚሸከመውን ሲያጣ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወርዱ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል በምርመራ ታውቋል። የግራና የቀኝ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በትይዩ ያለውም ጥርስ የሚገታው በማጣቱ ከድዱ እየወጣ ይረዝማል። ሰውየው በአንድ ወገን ብቻ ማኘክን ይለምዳል። ጥርሱ የጎደለው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ቆሎውንና ጥብሱን ትቶ፣ በወጥ የራሰ እንጀራና በሻይ የተነከረ ሕምባሻ ብቻ መመገብ ይጀምራል፤ ምግቡም ሲጠብ ጉልበቱ ይደክማል። እንግዲህ ክፍተቱ እየቆየ ሲሄድ የሚተካበት መንገድ እየጠበበና ዋጋው እየከበደ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህም ሲባል የጎደለ ጥርስ ሁሉ የግድ መተካት አለበት ማለት አይደለም። የአዋቂ ሰው ጥርስ ቁጥሩ 32 ሲሆን፣ ከእነዚህ አራቱ ዘግይተው የሚበቅሉ የመጨረሻ መንጋጋዎች ናቸው፤ እነርሱ ቢወልቁ ምትክ አያሻቸውም። ከላይና ከታች በትክክል የሚገጣጠሙ 20 ያህል ጤነኛ ጥርሶች ያሉት ሰው አብዛኛውን ምግብ ያለ ችግር ማኘክ ይችላል። የጃፓን መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ሕዝቡ እስከ 80 ዓመት ዕድሜው 20 ጥርሶቹን ጠብቆ እንዲቆይ የሚያሳስብ ዘመቻ የጀመረው ይህን መሠረት አድርጎ ነው። ስለዚህ ከኋላ አንድ መንጋጋ የጎደለው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ክፍተቱን እንዳለ ቢተወው ስንፍና አይባልም።

መተካት ሲያስፈልግ ግን ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ሰው ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ሲሞክረው ኖሯል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በኢጣልያ ምድር ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ምትክ ጥርስን በወርቅ ጥፍር ከጎረቤቱ ጋር ያስሩ ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ያደርጉት የነበረው ጥርስ፣ በተለምዶ እንደሚነገረው ከእንጨት ሳይሆን ከዝሆን ጥርስና ከሰው ጥርስ ጭምር የተሠራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የጠነከረ ጎማ በሥራ ላይ ዋለ፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ አክሪሊክ የተባለው ድድ መሰል ፕላስቲክ ስፍራውን ያዘ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

የሚወልቀው ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። ጥቂት ጥርስ ለጎደለው ሰው በከፊል የሚሠራው ከቀሩት ጥርሶች ላይ በመያዣ ይታሰራል፤ መደቡም ከአክሪሊክ ወይም ቀጭንና ጠንካራ ከሆነው ከኮባልትና ከክሮም ቅይጥ ይሆናል። ጥርሱ ፈጽሞ ላለቀበት ሰው የሚሠራው ሙሉው ነው። የላይኛው ላንቃን ስለሚሸፍን በምራቅ እየተሳበ ይጣበቃል፤ የታችኛው ግን ምላስ ስለሚያነሣውና የሚያርፍበት ዐጥንት ጠባብ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይዋልላል። ይህንን አስቀድሞ ያልተረዳ ሰው ሐኪሙ እንዳታለለው ይቈጥራል፤ ነገሩ ግን የተፈጥሮ ነው። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅሙ ዋጋው ከሁሉ የቀለለ መሆኑና ቀዶ ሕክምና የማይፈልግ መሆኑ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ዐጥንቱ ከሥሩ መሟሸሹን ስለማያቆም በየጥቂት ዓመቱ ማስተካከልን ወይም መለወጥን የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

አያያዙም ሥርዓት አለው። ማታ ማታ ወልቆ ድዱ ሊያርፍ ይገባል። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠባል፤ የተለመደው የጥርስ ሳሙና ግን ስለሚፍቀው አይመከርም። በፈላ ውኃ ከታጠበ ይጣመማል፤ በደረቅ ስፍራ ካደረም ቅርጹ ሊለወጥ ስለሚችል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማሳደር ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ በተለምዶ ብሪጅ የሚባለው የጥርስ ድልድይ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች እንደ ምሰሶ ሆነው መካከሉን ምትክ ጥርስ ይሸከማሉ። ለዚህም ሐኪሙ ሁለቱን ጥርሶች ዙሪያቸውን ሞርዶ ያሳንሳቸዋል፤ ከዚያም በብረት፣ በሸክላ ወይም ዚርኮኒያ በተባለ ጠንካራ ነጭ ማዕድን የተሠራው ሽፋን በማጣበቂያ ይተከልባቸዋል። ድልድዩ አይወልቅም፤ አይዋልልም፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን ጤነኛ የሆኑ ሁለት ጥርሶች ስለ አንድ የጠፋ ጥርስ ሲባል መሞረዳቸው ቀላል ኪሣራ አይደለም፤ የተሞረደ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልምና። ስለዚህ ድልድይ ይበልጥ የሚስማማው ምሰሶ የሚሆኑት ጥርሶች ቀድሞውኑ ተሞልተው ወይም ተሸርፈው ሽፋን የሚያሻቸው ሲሆኑ ነው። ከድልድዩ ሥር ምግብ እንዳይበሰብስ በየቀኑ በክር ማጽዳት ግዴታ ነው፤ ምሰሶው ከተበላ ድልድዩም አብሮ ይወድቃልና።

ሦስተኛው መንገድ ኢምፕላንት ይባላል። ይህ በመንጋጋ ዐጥንት ውስጥ እንደ ሥር የሚተከል ትንሽ የቲታኒየም ቡሎን ነው። ነገሩ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1952 የዐጥንትን ደም ዝውውር በጥንቸል ላይ ሲመረምሩ፣ ያገቡት የቲታኒየም መሣሪያ ከዐጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልላቀቅ አላቸው። ብዙ ከመረመሩ በኋላ በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተከሉት፤ ያም ሕመምተኛ እስከ ሞተበት እስከ 2006 ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቀመበት።

የአክሱምን ሐውልት ያየ ሰው የዚህን ዘዴ ምሥጢር ለመረዳት አይቸግረውም። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወስዶ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ሐውልት በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ የቆመው፣ አስቀድሞ መሠረቱ በሚገባ ከተዘጋጀለት በኋላ ነው። ኢምፕላንትም እንዲሁ ነው። ቡሎኑ ከተተከለ በኋላ ዐጥንቱ እስኪይዘው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ከላዩ ይደረጋል። ጎረቤት ጥርስ አይነካም፤ ዐጥንቱም የሚሸከመው ስላገኘ ከመሟሸሽ ይጠበቃል። ጥርሱ ፈጽሞ ላለቀበትም ሰው በታችኛው መንጋጋ ሁለት ቡሎኖች ብቻ ተተክለው የሚዋልለውን ሙሉ ጥርስ ይዘው ሊያጸኑት ይችላሉ።

ሆኖም ኢምፕላንት ለሁሉ አይሆንም። የስኳር ሕመሙ በመድኃኒት ያልተገታለት ሰው፣ ብዙ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የድድ በሽታው ያልታከመለት፣ ወይም ለዐጥንት መሳሳት አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ይህንኑ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ዐጥንቱ ከሟሸሸም ተጨማሪ ዐጥንት መሙላት ያስፈልግ ይሆናል። ዋጋውም ከሁሉ ይከብዳል፤ ዕቃው ከውጭ አገር የሚገዛ ስለ ሆነ፣ የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ሲተመን ይበልጥ ከብዷል።

እንግዲህ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ከሦስቱ የትኛውን ይምረጥ? መልሱ ከኪሱ ብቻ ሳይሆን ከአፉም ሁኔታ ይነሣል። አስቀድሞ የቀሩት ጥርሶችና ድዱ ይታከሙ፤ በታመመ ድድ ላይ ውድ ጥርስ መትከል በረግረግ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው። ቀጥሎ ራጅ ይነሣ። ከዚያም ሥራው ስንት ቀጠሮ እንደሚፈጅ፣ ዕቃው ከምን እንደሚሠራ፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠግነው፣ ጠቅላላ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ ተጠይቆ በጽሑፍ ይያዝ። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ፣ ለጊዜው በከፊል የሚወልቀውን አሠርቶ ክፍተቱን መጠበቅና ዐቅም ሲገኝ ወደ ሌላው መሻገር ማስተዋል ነው እንጂ ሽንፈት አይደለም። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወይም በወለድ ተበድሮ ኢምፕላንት ማስተከልን ግን ማንም አስተዋይ ሐኪም አይመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር አናልፍም። በርካሽ ዋጋ፣ በአንድ ቀን፣ ያለ ምርመራ ጥርስ እንተክላለን የሚሉ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ፕላስቲኩን በድዱ ላይ አጣብቀው እንዳይወልቅ ሲያደርጉት፣ ሥሩ ሊጸዳ ስለማይችል ድዱ ይቈስላል፤ በጎኑ ያሉት ጤነኛ ጥርሶችም ተነቃንቀው ይወልቃሉ። በሚገባ ባልተቀቀለ መሣሪያም የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የባለሙያውን ፈቃድ መጠየቅና መሣሪያው በእንፋሎት ኀይል የተቀቀለ መሆኑን ማረጋገጥ የሕመምተኛው መብት ነው፤ መጠየቁም ነውር የለበትም።

በመጨረሻም፣ ከምትክ ሁሉ የሚሻለው የራስ ጥርስ መሆኑ አይዘንጋ። የታመመ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም፤ ሥሩ ታክሞ ተሞልቶ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ብዙ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ስኳር የበዛበትን ሻይና ለስላሳ መጠጥ መቀነስ፣ ሕመም ሳይጠብቁ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት፣ ከሚተከለው ጥርስ ሁሉ በዋጋ የረከሰ ነው። ጥርሱ ለጎደለበት ደግሞ፣ መዳፉን ከአፉ ላይ አንሥቶ ለሐኪም ለማሳየት ዛሬ ከነገ ይሻላል፤ ዐጥንቱ ነገን አይጠብቅምና።