ኪስ ውስጥ የገባች የወንጀል ከተማ

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም ሲመረቅ የታሰበለት ሥራ በዋናነት የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ምርት ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ የሠራተኛውን ቀን በደወል ይቆራርጠዋል፤ የምሳ ዕረፍት፣ ሰርቪስ የሚጠበቅባት ሩብ ሰዓት፣ ከፈረቃ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ። ቀኑ እንዲህ የተከፋፈለበት ሰው የሚጫወተው ጌም፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ምሽቱን ለሚያሳልፍ ሰው ከተሠራው በባሕርዩ መለየት አለበት። የጌም ሠሪዎች ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። ትምህርቱ በግልጽ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ ወንጀልን ጭብጡ ያደረገው የድርጊት ጌም በእጅ በሚያዙ ኮንሶሎች ላይ ያደረገው ጉዞ ነው። ዘርፉ ለአቅመ አዳም የደረሰው ሠሪዎቹ የትልቁን ኮንሶል ከተማ መጭመቃቸውን ትተው የተጫዋቹን እጅና ጊዜ መነሻ ማድረግ ሲጀምሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ለስልክ ጌም የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም አርአያ ሊያደርጉት የሚገባው ይህን መንገድ ነው።

የጌሞቹንና የጥናቶቹን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥቀስ። ተጫዋቾች በአጭሩ ጂ.ቲ.ኤ የሚሉት ግራንድ ዘፍት ኦቶ በ1997 ሲወጣ ከተማዋ ከላይ ወደ ታች የምትታይ፣ ተጫዋቹ መኪና እየሰረቀ ለወንበዴ አለቆች የሚላላክበት ጌም ነበር። በ1999 ወደ ጌም ቦይ ከለር ሲሻገር ስድቡና ደሙ ቀነሰ፤ የከተማዋ ስፋት ግን ባለበት ቀረ። በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ የሚነዳ ሰው ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ የሚያየው ግንቡ አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው። በጥቅምት 2004 ለጌም ቦይ አድቫንስ የተሠራው ጂ.ቲ.ኤ አድቫንስ ደግሞ የወጣው ሳን አንድሪያስ የተባለው የጂ.ቲ.ኤ ጌም በፕሌይስቴሽን 2 ለገበያ በበቃበት በዚያው ቀን ነው። አንዱ ሦስት ከተሞችን ከነገጠራቸው ይዞ ሲመጣ፣ ሌላው የታላቁ ታናሽ ቅጂ ሆኖ ተረሳ።

የመጀመሪያው ትልቅ ስኬት የመጣው በ2005 ነው። ሶኒ ያወጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታብል ወይም ፒ.ኤስ.ፒ 4.3 ኢንች ስክሪንና 1.8 ጊጋባይት የሚይዝ ትንሽ ዲስክ ነበረው፤ ለኪስ መሣሪያ በጊዜው አስደናቂ አቅም ነው። ሮክስታር ሊድስ የተባለው የእንግሊዝ ስቱዲዮ ከሮክስታር ኖርዝ ጋር ሆኖ የጂ.ቲ.ኤን ምናባዊ ከተማ ሊበርቲ ሲቲን ከነሕንፃዎቿ፣ ከነሬዲዮ ጣቢያዎቿና ከነትራፊኳ በዚያ ዲስክ ላይ አሰፈራት። ጌሙ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ ይባላል፤ ዋና ገጸ ባሕርዩ ቶኒ ሲፕሪያኒ በ1998 ወደ ከተማዋ የሚመለስ የማፊያ አባል ነው። ጌሙ በፒ.ኤስ.ፒ ታሪክ ከማንም በላይ ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ቫይስ ሲቲ ስቶሪስ ዘመኑን ወደ 1984 መልሶ፣ ቪክ ቫንስ የተባለው የቀድሞ ወታደር የተቀናቃኞቹን ይዞታ እየነጠቀ የራሱን የወንጀል ንግድ የሚያስፋፋበትን ሥርዓት ጨመረ። የምህንድስና ድሉን ማንም ሊክደው አይችልም። ከድሉ ሥር ግን አንድ ችግር ተኝቶ ነበር። ፒ.ኤስ.ፒ አንዲት የአናሎግ መቆጣጠሪያ ብቻ ስላለችው እየሮጡ ካሜራውን እንደልብ ማዞር አይቻልም። ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ ላይ የደረሱበትን ለማስቀመጥ ወደ መሸሸጊያ ቤት መመለስ ግዴታ ነው። በተልዕኮ መጨረሻ ላይ የሞተም ረጅሙን መንገድ እንደገና መንዳት አለበት። ሁለቱም ጌሞች ብዙ ሳይቆዩ፣ በ2006 እና በ2007፣ ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ተዛወሩ። ቀድሞውንም በልባቸው የቴሌቪዥን ጌሞች ነበሩና ዝውውሩ አልከበዳቸውም።

በመጋቢት 2009 ይኸው የሊድስ ስቱዲዮ ለኒንቴንዶ ዲ.ኤስ ቻይናታውን ዎርስን ይዞ መጣ። ዲ.ኤስ ከፒ.ኤስ.ፒ እጅግ ደካማ ነው፤ ዋና ሜሞሪው 4 ሜጋባይት ሲሆን የፒ.ኤስ.ፒ ደግሞ 32 ነበር። ሊበርቲ ሲቲን እንደ ቀድሞው መጭመቅ ስለማይቻል ስቱዲዮው ከመነሻው አሰበበት። ካሜራው ወደ ላይ ወጣ፣ ምስሉ ጥቁር ጠርዝ ያለው የካርቱን ሥዕል ሆነ፣ የታችኛው የሚነካ ስክሪን ካርታውን፣ ኢሜሉንና መሣሪያውን ያዘ። ተጫዋቹ የቆመ መኪና ሲሰርቅ እንደ መኪናው ዓይነት ጠመዝማዛ መፍቻውን በጣቱ ያዞራል፣ ሽቦ ያገናኛል፣ ወይም የመኪናውን ኮምፒውተር ያታልላል፤ ሰከንዶች ብቻ የሚፈጁ ሥራዎች ናቸው። ፖሊስ ሲያሳድድ ተሸሽጎ መጠበቅ ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ የፖሊስ መኪናዎችን ከመንገድ እያስወጡ የተፈላጊነትን ኮከብ መቀነስ ይቻላል። የከሸፈ ተልዕኮ ሲደገም ጉዞውን መዝለል ይፈቀዳል። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ግን ንግዱን ነው። ስድስት ዓይነት ዕፅ በየሰፈሩ ዋጋቸው ይለያያል፤ አንዱ ሰፈር የተትረፈረፈው ሌላው ሰፈር ይወደዳል፣ ወሬው በኢሜል ይመጣል፣ የደኅንነት ካሜራዎችን የሰበረ ደግሞ በቅናሽ ይገዛል። አንድ ግዢና ሽያጭ በሁለት ደቂቃ ይዘጋል፤ ተደምሮ ግን የሳምንታት ዕቅድ ይሆናል። ሁዋንግ ሊ የተባለው ወጣት የተገደለውን የአባቱን ደም ለመበቀል የሚያደርገው ታሪክ ራሱ በእነዚህ ቁራጭ ጊዜያት መካከል ይገባል። ሃያሲዎች ለዲ.ኤስ ከወጡት ሁሉ ከፍተኛውን አማካይ ነጥብ፣ ከመቶ 93፣ ሰጡት።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ። ቻይናታውን ዎርስ በአሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሸጠው ከ90,000 በታች ነው፤ የተጨመቀው ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ ግን ሚሊዮኖች ገዝተውታል። ታዲያ ገበያው የፈረደው ለመጭመቅ አይደለም ወይ? እኔ ቁጥሩን የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ፒ.ኤስ.ፒ የገዛው ሰው በአብዛኛው ጂ.ቲ.ኤን ቀድሞ የሚያውቅ ወጣት ነበር፤ ዲ.ኤስ ደግሞ በቤተሰቦችና በሕፃናት እጅ የነበረ መሣሪያ ነው። ለአዋቂ ብቻ የተፈቀደ ጌም በልጆች መደርደሪያ ላይ ቢቀር ጥፋቱ የንድፉ አይሆንም። ንድፉ ጥሩ ስለነበረ በዚያው ዓመት ወደ ፒ.ኤስ.ፒ፣ በ2010 ወደ አይፎን፣ በ2014 ወደ አንድሮይድ ተሻግሯል። ለሚነካ ስክሪን የተፈጠረ ጌም ስልክ ላይ ሲደርስ ቤቱ እንደገባ ነው።

ሌላው ክርክር ዛሬ ጠባብነት ቀርቷል የሚለው ነው፤ በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች እና በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ ትልልቅ ጌሞችን እንዳሉ ያጫውታሉ። አቅሙ እውነት ነው። ሆኖም በ2021 ሦስቱ የቆዩ የጂ.ቲ.ኤ ጌሞች ታድሰው ወደ ስዊች ሲመጡ ምስላቸው የደበዘዘ፣ ፍጥነታቸው የሚቆራረጥ ሆኖ ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸው። ባትሪም ሆነ የምሳ ዕረፍት በማቀነባበሪያው ፍጥነት ልክ አይረዝምም። ስቲም ዴክ ሲጀምር ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ የስፌት ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ያለው ግን ስልክ ነው።

የወንጀል ጌም ጠበኝነትን ያስተምራል የሚለውን የሥነ ምግባር ተቃውሞም በቁም ነገር መውሰድ ይገባል፤ በተለይ እንደ መቐለ ጦርነትና ዝርፊያ በደረሰበት ከተማ። መሣሪያና ዘረፋ ለመቐለ ወጣት የሩቅ ልብ ወለድ አይደሉም። በጥናት በኩል የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2015 ጨካኝ ጌሞች ጠበኛ ባሕርይን ከማሳየት ጋር እንደሚያያዙ ቢገልጽም፣ በ2020 አቋሙን ሲያድስ ከእውነተኛ የወንጀል ጥቃት ጋር ለማያያዝ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ጨምሯል። በ2019 የታተመው የኦክስፎርድ ጥናት አንድ ሺህ ያህል የብሪታንያ ታዳጊዎችን ይዞ በጨካኝ ጌምና በጠበኝነት መካከል ግንኙነት አላገኘም። ይህ ስጋቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የሰላማዊ አገር ታዳጊ ላይ የተደረገ ጥናት ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሁሉ መልስ አይሆንም። በእኔ እምነት ደግሞ የዕድሜ ገደብ የሚሠራው ማሸጊያው ላይ ቁጥሩ ሲታይ ነው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለበጥ ጌም ማሸጊያ የለውም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ወላጅና ጌም ቤት ባለቤት ላይ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ አገር ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዴት ይጠቀምበት? ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። በዚያ መከራ ውስጥ ጌም የሚታወስ ጉዳይ አልነበረም። ለሠሪው ግን እውነታው ይህ ነው፤ ያለ ሰርቨር የማይከፈት ጌም እንዲህ ባለ ቦታ ሞቶ ይወለዳል፣ የፒ.ኤስ.ፒና የዲ.ኤስ ጌሞች ግን ታሪካቸውን ሁሉ በውስጣቸው ይዘዋል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ለስልክ በሠራው ኩኩሉ ከአሳዳጅ የምትሸሽ ዶሮን፣ በገበጣ ደግሞ ጥንታዊውን ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ዙር አቅርቧል፤ በቅርጽ ረገድ ትክክለኛው ጅምር ነው። የጎደለው ትልቅ ታሪክን በቁራጭ ጊዜ የሚተርክ ሥራ ነው። የቻይናታውን ዎርስ የዋጋ ሥርዓት ዕፅ አያስፈልገውም። ከኬላ ኬላ ዋጋው የሚለዋወጥ የኮንትሮባንድ ዕቃ፣ ማን እንደሚያስገባው የምትከታተል የጉምሩክ መርማሪ፣ በየዕረፍቱ አንድ ፍንጭ፤ ይህ ያለ ኢንተርኔት በርካሽ ስልክ ላይ ሊሠራ ይችላል። ቶኒም፣ ቪክም፣ ሁዋንግም ወንዶች ናቸው። በአገራችን የአልባሳት ፋብሪካዎች ከስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ መርማሪዋ ከእነሱ የአንዷ እህት ብትሆን የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቿ እነሱ ይሆናሉ።